«አሻንጉሊቷን ላቃጥላት?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጎንደር

በጥር እትማችን ስለ ጥምቀት ስጽፍ፣ አሪዞና ውስጥ ስላገኘኋቸው ሆፒ ስለሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንድ አንቀጽ ጣል አድርጌ ነበር። በዚያች አንቀጽ ሰበብ ብዙ ደብዳቤ መጣልኝ። ዛሬ አራቱን እመልሳለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች፦ ጎንደር ውስጥ 31 ዓመት ያስጎበኘሁ ሰው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ፊኒክስ ከተማ ልጄ ቤት አምስት ወር ተቀምጬ ነበር። ሆፒዎች አገር የሄድኩት ያኔ ነው። ደብዳቤዎቹ ረጃጅም ስለነበሩ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዘዞ ነው። ልጄ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ከተነሳች ሁለት ሳምንቷ ነው። ፊኒክስ ያለው ወንድሜ ለሕፃኗ ብሎ በሰው እጅ አንዲት የእንጨት አሻንጉሊት ላከልኝ። ጠፍጣፋ ናት። እጅና እግር የላትም። ፊቷ ነጭ ሆኖ ጉንጮቿ ላይ ሁለት ቀይ ክብ አለ። አንገቷ ላይ ክር ታስሮላታል። አማቴ ገና ሲያዩዋት ‹ይሄ ጣዖት ነው፣ አቃጥለሽ ጣይልኝ› አሉ። ወንድሜ ደግሞ ‹ሆፒዎች ለልጅ የሚሰጧት ናት፣ ክብር ነው› ይላል። በሁለቱ መሃል ተይዣለሁ። ላቃጥላት ወይስ ላስቀምጣት? ፎቶዋን ልኬልዎታለሁ።»

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ። ሕፃኗንም ታሳድግልሽ። አታቃጥያት። ለምን እንደሆነ ግን ቁጭ ብለን እናውራበት። አማትሽም አጠገብሽ ሆነው ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ፎቶዋን አየሁት። ወንድምሽ ያገኘውን አንስቶ አይደለም የላከልሽ። አስቦበት ነው። ሆፒዎች አሻንጉሊቷን «ቲሁ» ይሏታል። ለሕፃን ልጅ የመጀመሪያዋ ቲሁ እንዲህ ጠፍጣፋ ናት። የሕፃኗ መኝታ ላይ ትንጠለጠላለች። የያዘችው መልክ ደግሞ የሃሃይኢዉቲ ነው። ሃሃይኢዉቲ የካትሲናዎች ሁሉ እናት ናት። ለሕፃን ልጅሽ የተላከችላት እናት ናት ማለት ነው።

ካትሲና ምንድን ነው ብትይ፣ መጀመሪያ አገሩን ልንገርሽ። ሆፒዎች የሚኖሩት በሰሜን ምሥራቅ አሪዞና፣ ሦስት አምባዎች ላይና ሥር ነው። አምባ ስል የእኛኑ አምባ ማለቴ ነው፤ አናቱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል። መኪናችን ዳገቱን ሲይዝ ወደ ስሜን የምወጣ መስሎኝ ነበር። ግን አረንጓዴ ነገር የለም። ድንጋይና አሸዋ ነው። ኦራይቢ የሚባለው መንደራቸው ከ800 ዓመት በላይ ሰው ሳይለየው ኖሯል። ፋሲል ግንቡን ሲያሠራ ኦራይቢ አሮጌ መንደር ነበር።

እዚያ በዓመት የሚዘንበው 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ከ1,000 በላይ ይዘንባል። እንዲያም ሆኖ ዝናቡ አንድ ሁለት ሳምንት ሲዘገይብን ምህላ እንይዛለን። እነሱ በቆሏቸውን በመስኖ አያጠጡም። በመቆፈሪያ እንጨት፣ እርጥቡ አፈር ጋ እስኪደርሱ ጠልቀው ቆፍረው ዘሩን ያኖሩታል። አንዱን ጉድጓድ ከሌላው በደንብ ያራርቁታል፤ ሥሩ ውሃ እንዳይሻማ ነው። ከዚያ በኋላ ዓይን ሁሉ ወደ ሰማይ ነው።

ካትሲናዎች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ለሆፒ ሰው ካትሲና መንፈስ ነው። የደመና አለ። የበቆሎ አለ። የንስር አለ፣ የድብ አለ። ሞተው የተለዩ ደጋግ ሰዎችም ደመና ሆነው ይመለሳሉ ብለው ያምናሉ። ዓይነታቸው ከ200 በላይ ነው። ካትሲናዎች የሰውን ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዝናቡን ይዘው ይመጣሉ። «አምላካችን ናቸው» የሚል ሆፒ አላጋጠመኝም። መልእክተኞች፣ ወዳጆች ይሏቸዋል።

ዓመቱን ግማሹን ከሰው ጋር፣ ግማሹን በተራራቸው ይኖራሉ። በታኅሣሥ፣ ቀኑ አጥሮ ብርዱ ሲብስ፣ የመጀመሪያው ካትሲና መንደር ይገባል። በየካቲት ፖዋሙያ የሚባል በዓል ይሆናል። በሐምሌ ኒማን ነው፤ መሸኛው። ከዚያ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ቤታቸው ፍላግስታፍ ከተማ አጠገብ ያለው ተራራ ነው። ከፍታው 3,851 ሜትር ነው። ሆፒዎች ኑቫቱክያኦቪ ይሉታል፤ በረዶ አናቱ ላይ ያለበት ማለት ነው። ከአምባው ላይ ሆኜ ሩቅ፣ ሰማያዊ ሆኖ አየሁት። ሐምሌ ስለነበር ከቀትር በኋላ ደመናው አናቱ ላይ ይሰበሰባል። የእነሱም ክረምት የሚገባው በሐምሌ ነው። ይሄ ነገር ሆዴን አባባው።

ፖዋሙያን ለአማትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። በቆልት ያውቃሉ አይደል? ጾም ሲመጣ ባቄላውን ነክረው፣ ሸፍነው፣ ጭራ እስኪያወጣ የሚጠብቁት። ሆፒዎችም በየካቲት፣ ውጭው በረዶ ሆኖ ምንም በማይበቅልበት ወር፣ ኪቫ ውስጥ ቦሎቄ ያበቅላሉ። ኪቫ ከመሬት በታች የተሠራ፣ በመሰላል የሚወረድበት የጸሎት ክፍል ነው። ቀን ከሌት እሳት እየነደደ ይሞቃል። በዚያ ብርድ አረንጓዴ ቡቃያ ይወጣል። በበዓሉ ጠዋት ካትሲናዎቹ ቡቃያውን ለየቤቱ ይሰጣሉ። እናቶች ወጥ ይሠሩበታል። ወንዶች ልጆች ቀስት ይሰጣቸዋል። ሴቶች ልጆች ቲሁ ይሰጣቸዋል። ልጅቷ የምትቀበለው ከካትሲናው ከራሱ እጅ ነው።

በሐምሌም እንዲሁ ነው። ኒማን ላይ ካትሲናዎቹ የዓመቱን የመጀመሪያ እሸት በቆሎ ከነአገዳው ይዘው ይመጣሉ። ለሴቶች ልጆች ቲሁዋ ከአገዳው ጋር ታስራ ትሰጣለች። እስኪ አስቢው፤ አንዲት ልጅ በአንድ እጇ እሸት፣ በአንድ እጇ ቲሁ ይዛ ወደ ቤቷ ስትሮጥ። በየዓመቱ አንድ እየጨመረች ታድጋለች። ግድግዳው ላይ ትሰቅላቸዋለች። እያየች የካትሲናዎቹን ስም፣ ቀለም፣ የሚያመጡትን ነገር ታጠናለች። ልጅቷ በጤና እንድታድግ፣ ወልዳ እንድትስም የተሰጠች ምርቃት ናት። ዕጣን አያጤሱላትም። አይሰግዱላትም።

እምነታቸው ከእኛ እምነት ይለያል። ይሄን ልሸፋፍንልሽ አልፈልግም። አማትሽ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም፤ የሚያውቁት ነገር አይደለም። እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ከሥዕለ አድኅኖው ጎን አልሰቅላትም፤ ለሁለቱም ክብር ስል። ሕፃኗ አፏ ውስጥ እንድትከታትም አልተውም፤ ቀለም አለባት። ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ በዚያችው ክሯ አንጠለጥላታለሁ። ክሯ ለዚያ ነው የታሰረላት። የአማትሽ ልብ ካላረፈ የነፍስ አባታችሁን ጠይቋቸው፤ ይሄን ጽሑፍ አንብቢላቸው። እሳቸውም «ይቅር» ካሉ ለወንድምሽ መልሺለት፤ ለአንዲት ሆፒ እናት ይሰጥልሻል። እሳት ውስጥ ግን አትግባ። ለሕፃን ዕድሜና ጤና ታስቦ የተቀረጸች ናት።

ጥያቄ፦ «እኔ ወጣት አስጎብኚ ነኝ። ዘንድሮ በጥምቀት ባሕረ ጥምቀቱ ጋ አንድ እንግዳዬ ታቦቱ ሲያልፍ ‹ከልብሱ ሥር ያለውን ለምን አታሳዩንም? ያልታየ ነገር እንዴት ይከበራል?› ብሎ ተቆጣኝ። መልስ አጣሁ። እርስዎ ሆፒዎችም በዓላቸውን ፎቶ ማንሳት ይከለክላሉ ብለው ጽፈዋል። እውነት ነው? ለእንደዚህ ዓይነት እንግዳ ምን ይባላል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት ነው። እንዲያውም እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ የተመለስኩ ሰው ነኝ።

ከፊኒክስ ከአራት ሰዓት በላይ ነድተን ነው የደረስነው። ልጄ ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። አንዱ መንደር መግቢያ ላይ ምልክት ተተክሏል። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ድምፅ መቅዳት ክልክል ነው። በወረቀት ላይ መሳል እንኳ ክልክል ነው። ከሥሩ ደግሞ በዚያን ቀን ለሆፒ ላልሆነ ሰው መንደሩ ዝግ እንደሆነ ተጽፏል። ልጄ ተናደደች። «ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን!» አለች። እኔ ግን እመኑኝ፣ ደስ አለኝ። ቤቴ የደረስኩ ነው የመሰለኝ። የመቅደሱን መጋረጃ አውቃለሁ። ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ ማደግን አውቃለሁ። ባርኔጣዬን አውልቄ ትንሽ ቆምኩና ተመለስን።

ክልከላው እንዲሁ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ፎቶ አንሺዎች የበዓሉን አደባባይ እየወረሩ፣ የተሻለ ቦታ ለመያዝ እየተጋፉ አስቸገሩ። ያኔ መንደሮቹ ካሜራ ከለከሉ። ከዚያ በኋላም እንግዳ ያለ ካሜራ ገብቶ ማየት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 አንድ የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ (ኮሚክ) መጽሔት ካትሲናዎችን ወንበዴ አድርጎ ሳለ። ሽማግሌዎቹ አዘኑ። ብዙ መንደሮች በዓላቸውን ለውጭ ሰው ዘጉ። እንግዳ የሚቀበል መንደር ዛሬም ይኖራል፤ የሚወስነው ግን መንደሩ ነው።

ለጎንደር ሰው የበለጠ የሚገባው ሌላ ታሪክ አለ። ስፔናውያን ቄሶች በ17ኛው መቶ ዘመን ሆፒዎች አገር ገብተው ካትሲናን ከለከሉ። በዓሉን ያከበረ ይቀጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1680 የአካባቢው ሕዝቦች በአንድነት ተነሱ፤ ሆፒዎችም ቄሶቹን አስወገዱ። ፋሲል የሱስንዮስን አዋጅ ሽሮ የአባቶቹን ሃይማኖት ከመለሰ 48 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ይሄን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። በዓለም ሁለት ጫፍ ላይ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ!

አሁን ስለ እንግዳህ። ሆፒዎች ካትሲናው ፊት ላይ የሚሆነውን ነገር «ጭምብል» ማለት አይወዱም። «ወዳጅ» ይሉታል። ሕይወት ያለው ነው፤ ይመገባል፣ ይጠበቃል። አንድ ሰው የራሴ ነው ብሎ የሚሸጠው ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 2013 ግን ፓሪስ ውስጥ እንደነዚህ ያሉ 70 ያህል ንዋያተ ቅድሳት ለጨረታ ቀረቡ። ሆፒዎች ለመኑ። ጠበቃ ቆመላቸው። ፍርድ ቤቱ አልሰማም። በ930,000 ዩሮ ገደማ ተሸጡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሌላ ጨረታ ወጣ። ይሄኔ አነንበርግ የተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ማንነቱን ሳይገልጽ ገብቶ 24ቱን በ530,000 ዶላር ገዛ። 21ዱን ለሆፒዎች፣ 3ቱን ሳን ካርሎስ አፓቾች ለሚባሉ ሌሎች ነባር ሕዝቦች መለሰ። ለመመለስ ብሎ መግዛት! እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ይሄን ያጫወተኝ ቤቱ በረንዳ ላይ ቲሁ የሚቀርጽ አንድ ሽማግሌ ነው። መንደሩ ዝግ ሆኖብን ስንመለስ መንገድ ዳር «ቀራጺ» የሚል ሰሌዳ አይተን ጎራ አልን። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እኔም የመቅደላን ነገርኩት። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ያገኘው ቅርስ ብዙው አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የወሰዱት እንደነበር ነገርኩት። ታቦቶቻችን እስከ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ሆነው ተዘግቶባቸው እንዳሉ፣ ሙዚየሙ ለእይታ እንደማያወጣቸው ነገርኩት። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ አንዱ ታቦት ከኤዲንብራ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ እንዴት እንደወጣ ነገርኩት። ሽማግሌው ቢላውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ከተቀመጠበት ተነስቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ እንግዳህ ሲቆጣ አንተ አትቆጣ። እንዲህ በለው፦ «ጌታዬ፣ እኔም አይቼው አላውቅም። እናቴም አላየችም። እሷ ግን ሲያልፍ ትሰግዳለች። ይሄን ሕዝብ ይመልከቱ፤ ላሳይዎ የምችለው ይሄ ነው።» ከዚያ ካሜራውን ወደ ሕዝቡ፣ ወደ ካህናቱ ጃንጥላ፣ ወደ ቀሚሱ ጥልፍ አዙርለት። እኔ 31 ዓመት እንዲህ ስል ኖሬያለሁ። አብዛኛው ሰው ይገባዋል።

ጥያቄ፦ «ማራኪ አካባቢ 4ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ጽሑፍዎን ለተማሪዎቼ አነበብኩላቸው። አንዱ ልጅ ‹ካትሲናው መንፈስ ነው ወይስ ልብስ የለበሰ ሰው ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ሌላስ ምን ላስተምራቸው?»

መልስ፦ መምህርት፣ ልጁን ስሙልኝ። ጥያቄው ግን እኔ የምመልሰው አይደለም። ለሆፒ አደባባይ ላይ የመጣው ካትሲና ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሆፒ ልጆች ዕድሜያቸው ሲደርስ፣ በራሳቸው ሥርዓት፣ ከታላላቆቻቸው ይማሩታል። ሽማግሌዎቹ ይሄ ነገር በልጆች ፊት እንዳይወራ ይለምናሉ። ሆድ ይፍጀው እንላለን አይደል? እኔም ሆዴ ይፍጀው። ለልጁ «ይሄ የሆፒ አባቶች ለልጆቻቸው የሚነግሩት ነገር ነው» ይበሉት።

ሌላ የሚያስተምሩት ሞልቷል። ስሙን አስተካክለው ያስጠሯቸው። ብዙ ሰው «ካቺና» ይላል፤ በሆፒ ቋንቋ ግን «ቸ» የሚባል ድምፅ የለም። ካትሲና ነው፤ ሲበዙ ካትሲናም።

ቀለሙንም ያስተምሯቸው። ቲሁ ላይ ቀለም ለማሳመር ብቻ አይቀባም። ቢጫ የሰሜን ምዕራብ ነው። ሰማያዊ የደቡብ ምዕራብ ነው። ቀይ የደቡብ ምሥራቅ፣ ነጭ የሰሜን ምሥራቅ ነው። ጥቁር የላይ ነው። በቆሏቸውም በእነዚህ ቀለሞች ይበቅላል። ሰማያዊ በቆሎ ያዩ ልጆች እዚያ ክፍል ውስጥ አይኖሩም፤ እኔም ከማየቴ በፊት አላምንም ነበር።

እንጀራውን ግን ሳልነግርዎ አላልፍም። ፒኪ ይባላል። የቀራጺው ባለቤት ጋግራ አበላችን። ዱቄቱ የሰማያዊ በቆሎ ነው። በአመድ ውሃ ይለወሳል፤ አመዱ ነው ሰማያዊነቱን የሚያወጣለት። ምጣዷ ከሥሯ እሳት የሚነድባት ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ናት። ሊጡን በእጇ መዳፍ ነው የቀባችው፤ በዚያ በጋለ ድንጋይ ላይ! አንድ ጊዜ ሿ ታደርጋለች፣ ወዲያው ይደርቃል፣ እንደ ወረቀት ትገልጠዋለች፣ ትጠቀልለዋለች። አፍ ውስጥ ሲገባ ከሸሽ ይልና ይሟሟል። ድንጋዩን በምን እንደምታሰሰው ስጠይቃት የተፈጨ የሐብሐብ ፍሬ አሳየችኝ። እናቴ ምጣዷን በጎመን ዘር ስታሰስ ፊቴ ላይ መጣችብኝ። ይሄን ለልጆቹ ይንገሩልኝ። ቤታቸው ገብተው ምጣዱን ሲያዩ ያስታውሱታል።

ጥያቄ፦ «ፒያሳ አካባቢ እንጨት እየቀረጽኩ ለቱሪስት እሸጣለሁ። ዕድሜዬ 24 ነው። እንደሚያውቁት ሥራው ቀዝቅዟል። በቅርቡ አንድ ነጋዴ ከስልኩ ላይ የሆፒ አሻንጉሊት ፎቶ አሳይቶ ‹40 ፍሬ ሥራልኝ፣ አንዱን በ900 ብር እወስድሃለሁ፣ ውጭ አገር እልከዋለሁ› አለኝ። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ልሥራለት?»

መልስ፦ ልጄ፣ 36,000 ብር በዚህ ጊዜ ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቤት ኪራይ አለብህ፤ እናት ትጦር ይሆናል። ቢሆንም አትሥራለት።

ሕጉን አስቀድሜ ልንገርህ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሕግ አለ። ነባር ሕዝብ ያልሠራውን ዕቃ የነባር ሕዝብ ሥራ ነው ብሎ መሸጥ ወንጀል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት ሊያገኘው ይችላል። ነጋዴህ እዚያ ወስዶ «የሆፒ ነው» ብሎ ሊሸጠው ነው የፈለገው። የአንተ እጅ ያለበት ነገር በሐሰት ስም ይዞራል።

ግን ከሕጉ ይልቅ ያየሁትን ልንገርህ፤ አንተ ቀራጺ ነህና ይገባሃል። ሽማግሌው የያዘው እንጨት ኮተንዉድ የሚባል ዛፍ ሥር ነው። ግንዱን አይቀርጹትም፤ ሥሩን ብቻ ነው። ዛፉ የሚበቅለው ውሃ ባለበት ነው፤ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። ዝናብ ለሚለምን ሕዝብ ከዚህ የተሻለ እንጨት ከየት ይመጣል? ጎርፍ ጠርጎ ካመጣው፣ ከደረቀ የወንዝ አሸዋ ውስጥ ይለቅሙታል። ሽማግሌው አንድ ቁራጭ አቀበለኝ። ክብደት ያለው መስሎኝ እጄን አጠንክሬ ዘረጋሁ። እንደ ቡሽ ቀለለኝ። እጄ ወደ ላይ ሄደ። እሱ ሳቀ። ወይራ ለለመደ እጅ ግራ ያጋባል። ለስላሳ ነው፤ ቢላው ሳይታገል ይገባል። ከዚያ በድንጋይ ያሸዋል፣ ነጭ አፈር ይቀባዋል፣ በላዩ ቀለሙን ያኖራል። ቀለም ሲያኖር አያወራም። እኔም ዝም አልኩ።

አንድ ነገር ላሳይህ ብሎ ሁለት ቲሁ አወጣ። አንደኛዋ መቆሚያ ጣውላ አላት፣ ጣቶቿ ሁሉ ተለይተው ተቀርጸዋል፣ የምትዘል ትመስላለች። ሁለተኛዋ እጇን ሆዷ ላይ አጣብቃ ቀጥ ያለች፣ አንገቷ ላይ ክር ያለባት ናት። «ይቺ ለመደርደሪያ ናት» አለኝ በመጀመሪያዋ ላይ እጁን አድርጎ። «ይቺ ለልጅ ናት።» የመደርደሪያዋን ይሸጣል፤ ልጆቹን ያስተማረው በዚያ ነው። መሸጡ አይደለም ጥፋቱ። ብዙ ሆፒዎች የሚተዳደሩት በዚህ ነው። ጥፋቱ ስሟን የማያውቅ ሰው ሲቀርጻትና የሆፒ ናት ብሎ ሲያልፍ ነው። አንተ ከዚያ ፎቶ ላይ የምትቀዳው መልክ ብቻ ነው። ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ደመና ይሁን ዝናብ አታውቅም። 40 ሰው ቤት ስሟን የማታውቃት ነገር ትገባለች። ያ ሽማግሌ ደግሞ በረንዳው ላይ ገዢ አጥቶ ይቀመጣል፤ ያንተው ዓይነት ችግር ነው።

ወለቃን አስብ። ከከተማችን ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቤተ እስራኤሎቹ እናቶች ከዚያ ጭቃ ሠርተው ያወጡትን ምስል ዓለም ያውቀዋል። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ። ጭቃውን ዛሬም የሚሠሩ እጆች እዚያው አሉ። አሁን አንድ ሰው ወለቃን ረግጦ ሳያውቅ በማሽን አትሞ «የወለቃ» ብሎ ቢሸጥ ምን ይሰማሃል? እኔ ያንገበግበኛል።

ደብዳቤህ ሥር ከልጅነትህ ጀምሮ እረኛ ከነዋሽንቱ መቅረጽ እንደምትወድ ጽፈሃል። ነጋዴው አልፈለገውም ብለሃል። እኔ እፈልገዋለሁ። ለልጄ ልጅ ፊኒክስ የምልከው አንድ ሥራልኝ፤ በዋጋህ እከፍልሃለሁ። እንጨቱን ዋንዛ አድርገው፣ እንዳይከብድ። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይብለጥ፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። አንገቱ ላይ ክር አታድርግለት፤ ይቁም። ሁልጊዜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ጃንተከል ዋርካ ሥር እቀመጣለሁ። ይዘህልኝ ና።